የንስሩ ድንጋይ፦ ከባሕር ጭቃ እስከ ንጉሠ ነገሥት መቃብር

በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። አገራቸው ሩሲያ፣ ከተማቸው በኡራል ተራሮች ሥር ያለችው የካተሪንቡርግ ናት። የመጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እኛም የመጣነው በዚያው ዓመት፣ በግንቦት፣ በሰሎሞን ዘመቻ ስለሆነ፣ የተማርነው ዕብራይስጥ እኩል ነው፤ የጎደለንም እኩል ነው። ስለዚህ ስንነጋገር ግማሹ በቃል፣ ግማሹ በእጅ ነው። ለፋሲካ ቤት በሚጸዳበት ሰሞን ልጆቻችን ቁም ሣጥናቸውን ሊያነሱላቸው ወጥተው ሳሉ፣ እኒህ እናት ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ሣጥን አውጥተው አሳዩአቸው። መልኳ ሮዝ ነው፤ በሮዙ ላይ ጥቁር መስመር እንደ ዛፍ ሥር ተበታትኖበታል። ትንሹ ልጃችን «ማነው የቀባው?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ሳቁና «ማንም አልቀባውም፤ ከመሬት እንዲሁ ነው የወጣው። ኦርሌትስ ይባላል» አሉት።

ልጁ ይህን ይዞ ሲወርድ ከአባቱ ጋር ክርክር ተነሣ። «ድንጋይ እንዴት ሮዝ ይሆናል? ጥቁሩስ ከየት መጣ?» እኛም ስለ ድንጋይ ያለን ዕውቀት ወፍጮና ጉልቻ ከመምረጥ ያለፈ ስላልነበረ፣ ነገሩን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰድን። ያገኘነው ታሪክ ከገመትነው በላይ ረጅም ሆነ፤ በአንድ በኩል ወደ ባሕር ወለል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሳንጠብቀው ወደዚህች አገር መጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ሩሲያውያን ኦርሌትስ የሚሉትን ድንጋይ የዓለም ሳይንስ ሮዶናይት ይለዋል። ይህን ስም ያወጣለት በ1819 ያሼ የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን አዋቂ ሲሆን፣ ሮዶን ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ነው፤ ትርጉሙ ጽጌረዳ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ እኛ ጽጌረዳ ስንል «ረዳ» የምንለው ክፍል ከዚሁ ከግሪኩ ሮዶን በግዕዝ በኩል የመጣ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት ቬሬድ የሚለው የዕብራይስጥ ቃልም፣ ከግሪኩ ጋር፣ ከአንድ ጥንታዊ የፋርስ አካባቢ ቃል እንደ ወጣ ይነገራል። ስለዚህ የአሮጊቷ ድንጋይ ስም ለእኛ ፍጹም ባዕድ አልነበረም ማለት ነው።

ሮዶናይት የተሠራው በዋናነት ከሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ማንጋኒዝ የተባለው ብረት መሰል ማዕድን፣ የአሸዋ ዋና አካል የሆነው ሲሊኮን፣ እና የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ናቸው። ጥቂት ካልሲየም፣ ጥቂት ብረትም ይገባበታል። ሲሊኮንና ኦክሲጅን ተያይዘው ሲሊኬት የሚባለውን ያበጃሉ፤ እያንዳንዱ የሲሊኮን አቶም በአራት የኦክሲጅን አቶሞች ተከብቦ እንደ ትንሽ ባለሦስት ማዕዘን ድንኳን ይቆማል። ድንኳኖቹ ጎን ለጎን እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። የሮዶናይት ሰንሰለት በየአምስት ድንኳኑ መልኩን ይደግማል። ፓይሮክስማንጋይት የሚባል ሌላ ሮዝ ድንጋይ አለ፤ የተሠራበት ነገር ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ሳለ ሰንሰለቱ በየሰባቱ ስለሚደግም ሳይንስ ሌላ ስም ሰጥቶታል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው።

በቤት የሚታወቀው ግን ሌላው ነገር ነው። አንደኛ፣ ይከብዳል። ተራ ድንጋይ ከውኃ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሲከብድ፣ ይህ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል፤ ልጃችን ሣጥኗን ሲያነሣ እጁ ዝቅ ያለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ነው፤ ተራ ቢላዋ ሊጭረው አይችልም ወይም በጣም ይቸገራል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በገበያ ሮዶክሮሳይት የሚባል ሌላ ሮዝ የማንጋኒዝ ድንጋይ አለ፣ ስሙም መልኩም ይቀራረባል። እሱ ግን የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል፤ ብዙ ጊዜም ያለበት ሽንትር ነጭ እንጂ ጥቁር አይደለም። የጌጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ባለሱቁ ፊት ቢላዋ ያውጣ ማለታችን ግን አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ቀለሙ ነው። ልጁ የጠየቀውም ይህንኑ ነበር። ማንጋኒዝ እንደ ሰው ባሕርይ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ነገር ነው። በድንጋዩ ውስጥ ተዘግቶ፣ ከአየር ተከልሎ ሲቀመጥ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ይሰጣል። አየርና ውኃ አግኝተውት ተጨማሪ ኦክሲጅን ሲይዝ ግን ይጠቁራል፤ ይህ የማንጋኒዝ ዝገት ነው ቢባል ያስኬዳል። ድንጋዩ መሬት ውስጥ እያለ በተሰነጠቀበት ሁሉ ውኃ ገብቶ፣ በስንጥቁ ዳርና ዳር ያለውን ማንጋኒዝ አጥቁሮታል። አሮጊቷ ሣጥን ላይ ያለው ዛፍ የሚመስለው ጥቁር ሥር እንግዲህ የውኃ መንገድ ነበር። ድንጋይ ጠራቢዎችም ሮዙን ብቻ ሳይሆን ይህን ጥቁር ሥር አይተው ይመርጡታል። ንጹሕ፣ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ቀይ ሮዶናይት በጣም ብርቅ ነው፤ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ በአውስትራሊያ ብሮክን ሂል የሚባለው የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ቦታ ነው። እንዲህ ያለው ንጹሕ ድንጋይ ግን በቀላሉ ስለሚፈለጥ ለቀለበት መቅረጹ ከባድ ነው። ለሣጥንና ለዕቃ የሚሆነው እንደ ሩሲያው ያለው፣ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ እንደ ተፈተለ ጥጥ እርስ በርስ የተያያዙት ነው፤ እሱ ሲመቱትም ቶሎ አይሰበርም።

አሁን ወደ አፈጣጠሩ እንምጣ፤ ረጅሙም ይህ ነው። ማንጋኒዝ በምድር ውስጥ በየቦታው በጥቂቱ ተበትኖ ይገኛል። ብዙ ሆኖ እንዲሰበሰብ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ሙቅ ውኃ ነው። የምድር ቅርፊት በሚሰነጠቅበት ቦታ ውኃ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከታች ባለው ሙቀት ይፈላል፤ ድንጋዩን እያጠበ ብረትና ማንጋኒዝ ይዞ ይመለሳል። ወደ ባሕር ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውንም በባሕሩ ወለል ላይ ይጥላል። ይህ የሆነበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በመጣንባትና ባለንባት አገር መካከል ያለው ቀይ ባሕር የምድር ቅርፊት እየተከፈለ የሚሰፋበት ስፍራ ነው፤ በ1960ዎቹ በመርከብ የመረመሩት ሳይንቲስቶች ከወለሉ ሸለቆዎች ውስጥ በጣም ጨዋማና ሙቅ ውኃ፣ ከሥሩም ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና መዳብ ያለበት ባለ ብዙ ቀለም ጭቃ አግኝተዋል። በኢትዮጵያም በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ እንከፋላ በተባለው ስፍራ፣ ሙቅ ውኃ ያስቀመጠው የማንጋኒዝ ክምችት አለ፤ ያ ምድር ቀድሞ በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ከጎንደርና ከትግራይ ለመጣን ሰዎች አፋር የአሞሌ ጨው አገር ሆኖ ነበር የምናውቀው።

ይህ ጭቃ ግን ገና ሮዝ ድንጋይ አይደለም፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው። በባሕር ወለል ሳለ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በባሕር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ ቅርፊታቸው ከሲሊካ የተሠራ ነው። ሲሞቱ ቅርፊታቸው እንደ ዱቄት ይወርድና በማንጋኒዙ ጭቃ ላይ ይነጠፋል። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሁለቱ አብረው ይቀበራሉ፤ በላያቸው ሌላ ደለል ይከመራል፤ ጭቃውም ድንጋይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ማንጋኒዙ ብዙውን ጊዜ ከካርቦን ጋር ተያይዞ ካርቦኔት ይሆናል።

ከዚያም እሳቱ ይመጣል። አህጉሮች ሲጋጩ የባሕሩ ወለል ይታጠፋል፣ ወደ ጥልቅ ይገፋል፣ በብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል። ያን ጊዜ የማንጋኒዙ ካርቦኔትና ሲሊካው ይያያዛሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይለቀቃል፤ የሚቀረው ሮዝ የማንጋኒዝ ሲሊኬት፣ ማለትም ሮዶናይት ነው። ይህ ጋዝ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ሊጡ ሲቦካ የሚያወጣው፣ እንጀራው ምጣድ ላይ ሲሰፋ ዓይን የሚያበጅለት ያው ጋዝ ነው። ድንጋዩ አልቀለጠም፤ ጠንካራ እንደ ሆነ በውስጡ ተለወጠ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከታች የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ወይም ሙቅ ውኃ አጠገቡ ያለውን የማንጋኒዝ ድንጋይ አሙቆ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። የኡራል ተራሮች የተነሡት ሁለት አህጉሮች ተጋጭተው በመካከላቸው የነበረው ባሕር ሲዘጋ ነው፤ ይህም የዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አሮጊቷ ከሩሲያ መሀል፣ ከየትኛውም ባሕር ርቀው፣ የባሕር ወለል ይዘው ነው የመጡት።

ማንጋኒዝንና ሲሊካን በእሳት ማገናኘት ሰውም ሠርቶታል፤ ያውም በዚህች አገር። ከኤላት በስተ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን የቲምና ሸለቆ ብዙዎቻችሁ ከኡልፓን ወይም ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት በጉብኝት ሄዳችሁበታል። በዚያ ከሺህ ዓመታት በፊት መዳብ ይቀለጥ ነበር። በአንድ ዘመን የግብፅ ፈርዖኖች ያስቆፍሩት ነበር። የቅርብ ጊዜ ቁፋሮዎች ደግሞ ትልቁ ሥራ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ የዛሬ 3000 ዓመት ገደማ እንደ ነበር አሳይተዋል፤ ይህም መጽሐፍ የዳዊትንና የሰሎሞንን ዘመን የሚያስቀምጥበት ጊዜ ነው። የመዳቡ ድንጋይ አሸዋ ይበዛበታል፤ አሸዋው ደግሞ ብቻውን በምድጃው እሳት አይቀልጥም። ስለዚህ አቅላጮቹ የብረት ወይም የማንጋኒዝ ድንጋይ ፈጭተው ይጨምሩበት ነበር። ማንጋኒዙ አሸዋውን ይዞ አብሮ ይቀልጣል፣ እንደ ጥቁር ዝፍት ይፈስሳል፣ መዳቡም ከሥር ይለያል። በቲምና ከዚያ ዘመን ከተገኘው ጥቁር የምድጃ ዝቃጭ ውስጥ ማንጋኒዝ የበዛበት አለ። በኬሚስትሪው ከታየ የአሮጊቷ ሮዝ ድንጋይና ይህ ጥቁር ዝቃጭ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን ምድር ቀስ ብላ ሠራችው፣ ሌላውን ሰው በአንድ ቀን እሳት።

ይህን ስናነብ ከሽማግሌዎቻችን አንዱን ጠየቅናቸው። በአገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ። ታሪኩን ሰምተው ምንም አልገረማቸውም። «ምድጃው ቆሻሻውን ካልተፋ ብረቱ አይጠራም፤ ቆሻሻው የሚፈስሰው ደግሞ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ነው» አሉን። የልጅ ልጃቸው በትምህርት ቤት ስለ ማዕድን የሚማረውን መጽሐፍ አሳየናቸው፤ ሥዕሉን ተመልክተው ወናፉ የገባበትን ቦታ በጣታቸው ጠቆሙና «እዚህ ጋ ተሳስቷል፤ ነፋሱ ዝቅ ብሎ ነው መግባት ያለበት» አሉ። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ አያቱ ማንበብ ስለማይችሉ በትምህርት ነገር አይጠይቃቸውም ነበር። ማረሻና ማጭድ ሲያስፈልገው በራቸው የሚቆም ጎረቤት ዞር ሲል ቡዳ ይላቸው እንደ ነበርም ነገሩን፤ ይህን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ወደ ኡራል እንመለስ። በየካተሪንቡርግ አጠገብ፣ ሲደልኒኮቮ በምትባል መንደር አካባቢ፣ ይህ ሮዝ ድንጋይ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ታወቀ። አገሬው ግን ከዚያ በፊትም ያውቀዋል ይባላል። ንስሮች ሮዝ ጠጠር እየለቀሙ ወደ ጎጇቸው ይወስዳሉ የሚል ተረት ነበራቸው፤ ኦርሌትስ የሚለውም ስም የመጣው ኦርዮል ከሚለው የሩሲያ ቃል ነው፤ ንስር ማለት ነው። እናቶችም ልጁ እንደ ንስር ብርቱ እንዲሆን የዚህን ድንጋይ ጠጠር በሕፃኑ አልጋ ውስጥ ያደርጉ ነበር ይባላል። ንስር ጠጠር ይለቅም አይልቀም ለወፍ አዋቂዎች እንተወው።

ነገሥታቱ ድንጋዩን ሲወዱት ነገሩ ከጠጠር አለፈ። ከታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ጀምሮ በሴንት ፒተርስቡርግ አጠገብ በፒተርሆፍ፣ ከዚያም በየካተሪንቡርግ፣ ለቤተ መንግሥት ድንጋይ የሚጠርቡ ፋብሪካዎች ተቋቁመው ነበር። በእነዚህ ቤቶች ከሮዶናይት የአበባ ማስቀመጫ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ሣጥን፣ ጠረጴዛ ይሠራ ነበር፤ ሰው የሚያህሉት ትልልቆቹ ዛሬም በሄርሚታዥ ቤተ መዘክር ይታያሉ። ድንጋዩ በቢላዋ ስለማይጫር የሚቆረጠው በብረት መጋዝና በጠንካራ አሸዋ፣ ውኃ እየፈሰሰበት ነው። ከዚያ በደቃቅ ዱቄት ይፋቃል፣ እንደገና ይፋቃል። አንድ ትልቅ ዕቃ ብዙ ዓመት ይፈጅ ነበር። የኡራል ሠራተኞች እስከ 1861 ድረስ በፈቃዳቸው የሚሠሩ አልነበሩም፤ ለፋብሪካው የተመደቡ ገባሮች ነበሩ፤ ልጅም የአባቱን ሥራ እንዲይዝ ይገደድ ነበር። የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ እየገባ ስንቱን ቀድሞ እንደ ወሰደ መገመት አያዳግትም። ፓቬል ባዦቭ የተባለው ጸሐፊ የእነዚህን ሠራተኞች ተረት ሰብስቦ በ1939 በመጽሐፍ ባያወጣው ኖሮ፣ ከዕቃዎቹ በቀር የቀረ ድምፅ ባልነበራቸው።

በ1861 ገባሩን ነጻ ያወጣው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ነው። ሚስቱ ማሪያ አሌክሳንድሮቭና በ1880 ሞተች። እሱ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት፣ በመጋቢት 1881፣ በሴንት ፒተርስቡርግ መንገድ ላይ አብዮተኞች በወረወሩበት ቦምብ ተገደለ። ሁለቱም የሩሲያ ነገሥታት በሚያርፉበት በጴጥሮስና ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበሩ። በዚያ ቤት ያሉት የነገሥታት መቃብሮች ከነጭ እብነ በረድ የተሠሩ ናቸው። ለእነዚህ ለሁለቱ ግን ልዩ ነገር ታዘዘ፤ ለንጉሡ ከአልታይ ተራራ የመጣ አረንጓዴ ኢያስጲድ፣ ለንግሥቲቱ ከኡራል የመጣ ሮዝ ኦርሌትስ። እያንዳንዱ ብዙ ቶን የሚመዝን አንድ ወጥ ድንጋይ ነበር። የፒተርሆፍ ጠራቢዎች 17 ዓመት ያህል ሠሩበት፤ በቦታው የተቀመጠው በ1906 ነው። ሥራው ሲጀመር የተቀጠረ ልጅ ሲጨርስ የልጆች አባት ሆኗል። የሮዙ መቃብር ፎቶግራፍ ላይ ጥቁሮቹን ሥሮች በግልጽ ማየት ይቻላል።

ታሪኩ ወደዚህች አገር መጣ ያልነው በዚህ ቦታ ነው። ንጉሡ ሲገደል ከአድመኞቹ መካከል አንዲት አይሁዳዊት ሴት ነበረች። ሌሎቹ ሩሲያውያንና ከሌላ ወገን የሆኑ ቢሆኑም፣ ወሬው ግን «ንጉሡን አይሁዶች ገደሉት» ሆኖ ተሠራጨ። በሚያዝያ 1881 በደቡብ፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው ምድር፣ በየሊሳቬትግራድ ከተማ የአይሁዶች ቤትና ሱቅ ተዘረፈ፤ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ወደ ብዙ ከተሞችና መንደሮች ተዛመተ። አዲሱ ንጉሥ ሣልሳዊ አሌክሳንደርም በግንቦት 1882 አይሁዶች በገጠር እንዳይሠፍሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቤታቸውን ጥለው ከወጡት አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጥቂቶቹ ግን ወደዚህ መጡ። በካርኮቭ ከተማ ቢሉ የሚባል የወጣቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዎቹ አባላቱ በ1882 ክረምት ያፋ ደረሱ። ሪሾን ለጽዮንም የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት «የመጀመሪያው ዓሊያ» ብለው የሚማሩት ይህን ነው። በዚያ ጊዜ እነዚህ ሰዎች መሬት ማረስ አያውቁም፣ ወባው ያጠቃቸዋል፣ ቋንቋው ያስቸግራቸዋል፤ አዲስ ገቢዎች ነበሩና። የፒተርሆፍ ጠራቢዎች ሮዙን ድንጋይ እየፋቁ በነበሩባቸው በእነዚያ 17 ዓመታት ውስጥ፣ በንጉሡ ሞት ሰበብ የተሰደዱት ሰዎች ልጆች እዚህ ተወልደው፣ አድገው፣ ዕብራይስጥን የአፍ መፍቻቸው አድርገው ነበር።

ከአብዮቱ በኋላም ድንጋዩ ሥራ አልፈታም። በ1938 በሞስኮ የተከፈተው የማያኮቭስካያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ምሰሶዎች በማይዝግ ብረት ተለብጠው፣ ጎናቸው በሮዶናይት አጊጧል። ከሦስት ዓመት በኋላ የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ከአውሮፕላን ቦምብ የሚሸሸገው እዚያ ነበር፤ ስታሊንም በኅዳር 1941 የአብዮቱን በዓል ንግግር ያደረገው በዚሁ ጣቢያ ወለል ላይ ቆሞ ነው። ጎረቤታችን በወጣትነታቸው ሞስኮ ሄደው በዚያ ሲያልፉ፣ ምሰሶውን በእጃቸው ዳስሰው «ይህ የእኛ ነው» ማለታቸውን ነግረውናል። በሌላው ዓለም ደግሞ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1979 ሮዶናይትን የግዛቲቱ የከበረ ድንጋይ አድርጋ መርጣዋለች፤ በኒው ጀርሲ፣ ፍራንክሊን በሚባል ቦታ የሚገኘው ደግሞ ዚንክ ያለበት ነው። የእነዚህን ታሪክ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ጽሑፉን ከጨረስን በኋላ ለጎረቤታችን በዕብራይስጥ አነበብንላቸው፤ ከዚያም ሣጥኗን ማን እንደ ሠራት ጠየቅናቸው። ገልብጠው ከሥሯ አሳዩን፤ የፋብሪካ ቁጥር ብቻ ተቀርጾበታል። እሳቸው ግን ሰውየውን ያውቁታል፤ በመንገዳቸው የሚኖር፣ ሁልጊዜ የሚያስለው፣ እጁ ግን የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበር አሉ። ስሙን ሲነግሩት ልጃችን በዕብራይስጥ ፊደል በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፈው። አጻጻፉን ሁለት ጊዜ አረሙት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ሣጥኗ ውስጥ፣ ከቤታቸው ቁልፍ ጋር፣ አስቀመጡት።